ለሩቅ የሚሆን ሌንስ

ካሜራ ልግዛ ብሎ የሚያማክረኝ ሰው ጭሮ ውስጥ በዝቷል። «ዲኤስኤልአር» ይላሉ፣ ፊደሉን አንድ በአንድ እየለቀሙ። «ሳብሪና፣ የቱ ይሻለኛል? ሌንሱስ?» ይሉኛል። እኔም እመክራለሁ፤ ምክር ምን ገዶኝ! መጀመሪያ የት ቆማችሁ ምን እንደምታነሱ እወቁ እላለሁ። ጓዳ ከሆነ አጭር ሌንስ፣ ሜዳ ከሆነ ረጅም። ቦዲው፣ ማለት የካሜራው አካል፣ አሮጌ ቢሆን ግድ የለም፣ ሌንሱ ላይ ግን አትሰስቱ። ያገለገለ ከሆነ የስልክ መብራት በአንድ ጫፍ አብርታችሁ በሌላው አጮልቁ፤ ውስጡ ድር የመሰለ ነጭ ነገር ካያችሁ ሻጋታ ነው፣ ጥላችሁት ሂዱ። ይህን ሁሉ አሳምሬ እናገርና ቤቴ ገብቼ እራት አልበላም። ሌንስ የሚለው ቃል ጉሮሮዬ ላይ ይቆማል።

ልንገራችሁ፣ ተንዛዝቼ አላደክማችሁም። አባቴ ሌንስ ሲለኝ የዓይኑን ማለቱ ነበር። እኔ ሌንስ ስለው የካሜራዬን። በአንዲት ቃል ሁለታችንም ገደል ገባን። እሱ የገባው ሳያውቅ ነው፤ እኔ ግን ካወቅኩም በኋላ መውጣት ስችል አልወጣሁም።

አባቴ በክሪ፣ መቻራ ነው የሚኖረው። ቡና ሰብሳቢ ነው፤ ገበሬው ያመጣለትን ቡና መዳፉ ላይ ዘርግቶ፣ አገላብጦ አይቶ ነው የሚገዛው። አንድ ዓይን ብቻ ነበረው። ግራውን ገና ልጅ ሳለ የቡና ቅርንጫፍ ወግቶ አጥፍቶበታል። በቀረችው በቀኟ እኔንና ታናሽ እህቴን ኩብራን አሳደገን። እናታችን ከሞተች በኋላ አግባ ቢባል «የእንጀራ እናት አላመጣባቸውም» ብሎ እንቢ አለ። አንድ ዓይን ያለው በአፈር አይጫወትም ይባላል። እኔ ተጫወትኩበት።

እኔ ጭሮ ከተማ ጋሼ ገብረጻድቅ ስቱዲዮ ውስጥ ጉርድ ፎቶ አነሳለሁ። አራት ዓመት ሙሉ «አገጭዎን ቀና፣ ጆሮዎ ይታይ፣ አይሳቁ» ስል ኖርኩ። ሰው አይሳቅ እያሉ እንጀራ መብላት ያንገሸግሻል። ታዲያ አንድ ነገር አየሁ። እኛ ጋ ሰርግ ሲሆን የሴቶቹ ክፍል ወንድ ካሜራማን አይገባም። ሙሽሪት ፀጉሯን ገልጣ፣ ሴቶቹ ሻሻቸውን ጥለው ሲጨፍሩ ማን ያንሳቸው? አንዷ በስልኳ እየተንቀጠቀጠች ታነሳለች፣ አለቀ። ሴት ካሜራማን ብትገኝ ጭሮ በለው ሂርና፣ በደሳ በለው ገለምሶ እየተሻሙ ይጠሯታል። ያቺ ሴት እኔ ነኝ አልኩ።

ዕቁብ ሲደርሰኝ የጋሼ ገብረጻድቅን አሮጌ ቦዲ ገዛሁ። አብሮት የነበረውን ሌንስ ሻጋታ በልቶታል። ስለዚህ የቀረኝ ሌንስ ብቻ ሆነ።

«ስሚ» አሉኝ ጋሼ ገብረጻድቅ። «አንቺ የምትገቢው ጓዳ ነው። ጓዳ ጠባብ ነው፣ ጨለማ ነው። አጭሯን፣ ባለ ሃምሳ ሚሊሜትሯን ውሰጂ። ዋጋዋም ቀላል ነው፣ ጨለማም አትፈራም።»

«ያቺን ድንች የምታክለውን?»

«አዎ፣ ያቺን ድንች።»

«ሰው ሲያየኝ መጫወቻ የያዝኩ ይመስለዋል እኮ ጋሼ!»

«ታዲያ የምታነሺው ለመታየት ነው ለማሳየት?»

ለመታየት ነበር፤ ምን ልዋሽ። በኛ ከተማ ካሜራማን የሚመዘነው በሌንሱ ርዝመት ነው። ረጅም ያንጠለጠለ ከመጣ ሰርገኛው መንገድ ይለቅለታል፣ ሥጋው ከመሃል ይወጣለታል። አጭር የያዘውን «ያንተ ትልቁ የት ሄደ?» ይሉታል። እኔ ደግሞ ሴት ነኝ፣ ቁመቴም አጭር ነው። ሌንሴ እንኳ ይርዘም አልኩ።

በየሳምንቱ ለአባቴ ስደውል ወሬዬ ሌንስ ብቻ ሆነ። ሌንስ ብቻ ቢኖረኝ፣ ሌንስ እየፈለግኩ ነው፣ ሌንስ ድሬዳዋ አለ አሉ። አባቴ «ኢንሻአላህ ይገኛል» ብሎ ዝም ይላል። ካሜራ ስለሚባለው ነገር ብዙም የገባው አይመስለኝም ነበር።

በዚያው ሰሞን ለካ ቀኝ ዓይኑን ሞራ እየጋረደው ነው። ለኔ አልነገረኝም። ኩብራንም «እንዳትነግሪያት፣ ሥራዋን ጥላ ትመጣለች» ብሎ በአላህ አስምሏታል። ዓይን የሚያዩ ባለሙያዎች መቻራ መጥተው አይተውታል። «ይኼ ሞራ ይወጣና ሌንስ ይገባልዎታል። ቀዶ ጥገና የሚሠሩት በሚመጣው ወር ጭሮ ይመጣሉ፤ እንዳይቀሩ፣ ከቆየ ዓይኑን ያጠፋዋል» ብለው ካርድ ጽፈው ሰጥተውታል። እንግዲህ ሐኪም ቤት ሰው ያስታመመ ያውቀዋል፤ ጓንቱም፣ ግሉኮሱም፣ መስፊያ ክሩም «ከውጭ ግዙ» ነው። አባቴም ሌንሱን እንደ ጓንቱ ራሱ ገዝቶ ይዞ የሚቀርብ መሰለው። ይህን ሲያስብ ደግሞ ልጁ ትዝ አለችው። ሌንስ፣ ሌንስ ስትል የከረመችው ልጁ። «ኩብራ፣ ለካ ነግረሻታል!» አለ አሉ። ኩብራ አልነገርኩም ብትል አላመናትም። «ለኔ ዓይን ነው እኮ እንዲህ የምትንከራተተው» ብሎ አለቀሰ። ይህን የሰማሁት በኋላ ነው።

ያን ቀን ደወለ። ኔትወርኩ እየተቆራረጠ ነበር።

«ሳቡ፣ ያ ሌንስ ተገኘ?»

«የቱ አባ?»

«ስትፈልጊው የከረምሽው ነዋ!»

ልቤ ዘለለ። «ተገኝቷል፣ ገንዘብ ነው እንጂ የጠፋው።»

«ስለ ገንዘቡ አታስቢ። ጊደሯን ሸጬአታለሁ፣ ነገ እልክልሻለሁ።»

«አባ! ጊደሯን?»

«ጊደር ትተካለች» አለ።

እኔም እያለቀስኩ፣ «ግን ሁለት ዓይነት ነው አባ፤ ለቅርብ የሚሆን አለ፣ ለሩቅ የሚሆን አለ። የቱን ልግዛ?» አልኩት።

ትንሽ አሰበ። «የሩቁን ግዢ» አለ። «ቅርብ ያለውንማ በእጄም ዳብሼ አውቀዋለሁ። ደግሞ ርካሹን እንዳታመጪ፤ ዕድሜ ልክ የሚሆን ነው።» ከዚያ ደስ ሲለው ብቻ የሚላትን አለኝ፤ «ኢንተለ ቲያ።» ልጄ ማለቱ ነው፣ በኦሮምኛ። ስልኩ ተቋረጠ።

በእጄ ዳብሼ ምን ማለት ነው ብዬ አልጠየቅኩም። ሰው ደስ ሲለው ጆሮው ይደፈናል። ይልቅ ጋሼ ገብረጻድቅ ዘንድ ሮጬ «አባቴ እንኳ ከእርስዎ የተሻለ ያውቃል፤ የሩቁን ግዢ ብሎኛል» ብዬ ተኩራራሁባቸው። እሳቸውም ትከሻቸውን ሰብቀው «እንግዲህ አባትሽ ካሉ» አሉ።

አክረም የሚባል የድሬዳዋ ነጋዴ ወደ አዲስ አበባ ሲያልፍ እሁድ ዕለት ሂርና ላይ ተገናኘን። አስፋልቱ ዳር፣ ጫት የሚጫንበት አጠገብ ቆመን ሌንሱን አወጣው። ክንዴን ያክላል። በስልኬ አበራሁበት፣ ውስጡ እንደ ምንጭ ውኃ የጠራ ነው። ቀለበቱን አዞርኩ፣ ማዶ ጋራው ላይ ያለች ፍየል ጺሟ ሳይቀር መጣችልኝ። አክረም ገንዘቡን ተቀብሎ «ረቡዕ ስመለስ በዚሁ አልፋለሁ። ካልተስማማሽ አምጪው፣ ብርሽን ሳላጎድል እሰጥሻለሁ» አለኝ። የማልመልሰውን ነገር ለምን ይነግረኛል ብዬ ሳቅሁ።

ሰኞ ጠዋት አባቴና ኩብራ ስቱዲዮው በር ላይ ደረሱ። ኩብራ እጁን ይዛ እየመራችው ነበር። ደረጃው ላይ እግሩን አንስቶ ሲፈልግ አየሁት፤ መንገድ ደክሞት ነው አልኩ። ሌንሱን ሊያይልኝ ይህን ሁሉ መንገድ መጣልኝ ብዬ ደግሞ ልቤ ሊፈነዳ ደረሰ። ሰላምታውን እንኳ ሳልጨርስ አምጥቼ ሁለት እጁ ላይ አስቀመጥኩለት።

«ምንድን ነው?»

«ሌንሱ ነዋ አባ!»

ፈገግ አለ። ከዚያ ዳበሰው። ከታች እስከ ላይ፣ ከላይ እስከ ታች በጣቶቹ ሄደበት። መዘነው። ፈገግታው ቀስ እያለ ጠፋ።

«ይኼ ሁሉ» አለ፣ «ዓይኔ ውስጥ ይገባል?»

ኩብራ ሳቋ አመለጣት። ከዚያ ፊቴን አየችና አፏን ያዘች። እኔ አባቴን ቀና ብዬ አየሁት፤ እንደ ሰው አየሁት፣ ከወራት በኋላ። ዓይኑ ብሌን ላይ የረጋ ወተት የመሰለ ነገር ተጋድሟል። የሚያየው እኔን ሳይሆን ከጀርባዬ ያለውን ግድግዳ ነበር። ያ ረቢ! ጊደሯ፣ የሩቁ፣ በእጄ ዳብሼ፣ ዕድሜ ልክ፤ ሁሉም ባንድ ጊዜ ራሴ ላይ ወረደ።

ያኔ እውነቱን ብናገር ኖሮ ምንም አልነበረም። ተሳስቻለሁ አባ፣ ለካሜራ መስሎኝ ነው ብል ስቆ ያልፈኝ ነበር። ግን አፈርኩ። ስለ ራሴ ብቻ ሳወራ ከርሜ የአባቴ ዓይን መጋረዱን አለማወቄን ኩብራ ፊት፣ ጋሼ ገብረጻድቅ ፊት እንዴት ልበል? ምላሴ ቀደመኝ።

«አይ አባ! ይኼማ የኔ የሥራዬ ነው። ያንተ ከውጭ ነው የሚመጣው። ታዝዟል።»

«ሐኪሞቹ ጭሮ የሚቆዩት እስከ ሐሙስ ነው አሉኝ። ይደርሳል?»

«ለዚህኛው አይደርስም። ለሚቀጥለው ሲመጡ ይደርሳል።»

ሌንሱን እንደገና ከጫፍ እስከ ጫፍ ዳበሰው። ከዚያ ሌንሱን በሁለት እጁ ይዞ እንደ ሕፃን በጥንቃቄ መለሰልኝ። «አልሐምዱሊላህ» አለ። «ከታዘዘ ምን ቸገረኝ። እጠብቃለሁ።» ራሴን ፈልጎ ሳመኝና በዚያው ቀን ወደ መቻራ ተመለሱ።

ጋሼ ገብረጻድቅ ከመጋረጃው ጀርባ ሁሉንም ሰምተዋል። ጉዳዩ የገባቸው ወዲያው ነው።

«ነገ ሐኪሞቹ ጋ ሂጂና ጠይቂ» አሉኝ። «ረቡዕ ሂርና ውረጂና ይህን ነገር መልሺ። ሰውየውን ሐሙስ አሠሪው። ሰው የሚያህል አባት አለሽ!»

«እሁድ የሉባባ ልጅ ሰርግ አለብኝ። ቀብድ በልቻለሁ።»

«ሰርግ ያልፋል።»

«ስሜስ? የመጀመሪያ ሥራዬ እኮ ነው ጋሼ!»

«ዓይኑስ?»

«የእርስዎ አባት ነው ወይስ የኔ?» አልኳቸው። እንጀራ ያበላኝን ሰው። እሳቸውም መጋረጃውን ገፍተው ወደ ሥራቸው ተመለሱ።

ሐኪሞቹ ያሉበት ግቢ ከስቱዲዮው በባጃጅ አምስት ደቂቃ አይሞላም። አልሄድኩም። ብጠይቅ ዛሬውኑ አምጪው ይሉኛል ብዬ ፈራሁ። በልቤ ሒሳቡን አሳምሬ ሠራሁት፤ የሉባባን ሰርግ ሳነሳ ስሜ ይወጣል፣ ሁለት ሦስት ሰርግ ይከተላል፣ ከዚያ ለአባቴ ምርጡን ሌንስ እገዛለታለሁ። ሞራ እንደሆነ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። ማን ነገረኝ? ማንም።

ረቡዕ ግን እንቅልፍ አልወሰደኝም ነበርና በጠዋት ሌንሱን አንግቼ መናኸሪያ ሄድኩ። እመልሰዋለሁ ብዬ ቆርጬ ነበር፤ ወላሂ ቆርጬ ነበር። ረዳቱ «ሂርና! ሂርና! አንድ ሰው!» ይላል። አንድ እግሬ ሚኒባሱ ላይ ነበር። ከኋላዬ ሁለት ልጃገረዶች ሲንሾካሾኩ ሰማሁ። «ያቺ ናት ካሜራማኗ። ሌንሷን አየሽልኝ?» አለች አንዷ። «ለኔም ሰርግ እሷን ነው የማስጠራው።»

እግሬን አወረድኩ። ረዳቱ «እንዴ! አትሄጂም?» ሲለኝ «ረስቼ ነው የመጣሁት» አልኩት። ለዚህች ለሁለት ልጆች ወሬ። ሰው አባቱን በስንት እንደሚሸጥ ያወቅኩት ያን ቀን ነው።

እሁድ መጣ። ሉባባ ቤት ስደርስ ሕዝቡ መንገድ ለቀቀልኝ፣ ሥጋውም ከመሃል ወጣልኝ። ከዚያ የሴቶቹ ክፍል ገባሁ። ክፍሉ አራት በአራት ነው፣ ሴቱ ሃምሳ ይሆናል፣ አምፖሉ አንድ። ካሜራውን ወደ ሙሽሪት ባነሳ ሌንሱ ቀርበሽኛል ብሎ እንቢ አለ። አንድ እርምጃ ወደ ኋላ፣ እንቢ። ሁለት እርምጃ፣ ግድግዳ። በሩን ከፍቼ ግቢ ወጥቼ በሰው ጭንቅላት መሃል ሳነሳ ጨለማው በላው። ያወጣሁት አንድ አፍንጫ፣ ግማሽ የጆሮ ወርቅ፣ ከዚያ የተረፈው ሁሉ ጭጋግ ነው። ሉባባ ፎቶውን አንድ በአንድ አይታ «ልጄ አፍንጫ ብቻ ናት እንዴ?» አለችኝ። ቀብዱን መለስኩ። በሦስተኛው ቀን ከተማው ሁሉ «አፍንጫ» ይለኝ ጀመር። የጠራኝ ሌላ ሰርግ የለም።

ለአባቴ በየሳምንቱ እደውላለሁ። እሱ ስለ ሌንሱ አይጠይቅም። እኔ ነኝ «መንገድ ላይ ነው አባ» የምለው፣ ሳልጠየቅ። «እሺ ልጄ» ይላል። ቡናውን አሁን ኩብራ አይታ ትነግረዋለች፣ እሱ በጣቱ ያሻል።

ሁለተኛው ወር ሊያልቅ ሲል ኩብራ እያለቀሰች ደወለች። «ዓይኑ ደም መስሏል። ራሴን ራሴን ይላል። የበላውን ሁሉ ያስመልሰዋል። ከትናንት ወዲያ ጀምሮ አልተኛም፣ አንቺ ጋ እንዳልደውል ከለከለኝ።»

ሌንሱን በዚያው ቀን ለመጀመሪያው ጠያቂ በግማሽ ዋጋ ወረወርኩት። መቻራ ሄጄ አባቴን አመጣሁት። ያ መንገድ ለጤነኛም አይሆን፤ መኪናው በነጠረ ቁጥር ዓይኑን በመዳፉ ይደግፈዋል። ፌስታል ይዤለት እያስመለሰ፣ «ይቅርታ ልጄ፣ ልብስሽን አበላሸሁት» እያለ ጭሮ ደረስን። እኔን ይቅርታ ይለኛል!

እነዚያ ሐኪሞች ለሁለተኛው ዙር ተመልሰው ነበር። ወጣት ሐኪም ናት ያየችው። ካርዱን አነበበች፣ ወንበር ላይ አስቀመጠችውና ትንሽ ባትሪ አወጣች።

«አባት፣ ይኼ ብርሃን ይታይዎታል?»

«አብሪው» አለ አባቴ።

በርቶ ነበር። ዓይኑ ላይ ተደቅኖ በርቶ ነበር። ሐኪሟ ወደ ግራ አዞረችው፣ ወደ ቀኝ አዞረችው። አባቴ ፊቱን አንድ ቦታ አድርጎ እስኪበራ ይጠብቃል። እሷ ባትሪውን አጠፋችና ቁጭ አለች።

«ሞራው በስሎ ግፊት ፈጥሯል፣ ነርቩን ገድሎታል» አለች። «አሁን የምንሠራው ሕመሙን ለማስታገስ ነው። ለማየት አይሆንም። ሁለት ወር ሙሉ የት ነበራችሁ?»

«ሌንሱ» አልኩ። «ሌንሱ ከውጭ እስኪመጣ ብለን ነው።»

«የምን ከውጭ?» አለች። «ሌንሱ እኛ ጋ ነው ያለው። የሚገባውም በነፃ ነው። ባለፈው በካርቶን ይዘን መጥተን ተርፎን ነው የተመለስነው። ማን ነው ጠብቁ ያላችሁ?»

አባቴ ፊቱን ቀስ ብሎ ወደኔ አዞረ፣ ድምፄ ወደመጣበት። ያን ጊዜ ገባኝ። እዚያ ስቱዲዮ ውስጥ ሌንሱን ዳብሶ ሲመልስልኝ የጊደሯ ገንዘብ በዚያ እንዳለቀ፣ የታዘዘ ሌንስም እንደሌለ አውቆ ነበር። ለካ የጠበቀው ሌንሱን አልነበረም፤ እኔ እስክነግረው ነው።

«ማንም አላለኝም» አለ አባቴ። «እኔው ነኝ። ቢላዋ ፈርቼ ነው የቀረሁት። ልጄማ ና እንሂድ ብላ ለምናኝ ነበር፣ እንቢ ያልኳት እኔ ነኝ።»

ሐኪሟ ተናደደች። ወጣት ናት፣ ከልቧ ነው የተናደደችው። «እንዴ! ትልቅ ሰው አይደሉ እንዴ? ሃያ ደቂቃ ለማይፈጅ ነገር ፈርተው ዓይንዎን በገዛ እጅዎ ያጠፋሉ? ልጅዎ ስትለምንዎት እንኳ?» አለችው። አባቴ አንገቱን ደፍቶ «ልክ ነሽ፣ አጥፍቻለሁ» ይላል። በር ላይ ተራ የሚጠብቁ ሰዎች ሰምተው ራሳቸውን ነቀነቁበት። አንዲት ሴትዮ «እንዲህ ያለች ልጅ እያለችው!» አለች።

እኔ አጠገቡ ቆሜያለሁ። እኔ ነኝ ማለት ሁለት ቃል ነው። አልወጣኝም። ሐኪሟ ካርዱን ገለበጠችና ታካሚው ቀዶ ጥገና ፈርቶ እንደቀረ ጻፈችበት፤ አባቴ መፈረም ስለማይችል ጣቱን ይዤ ያስፈረምኩት እኔ ነኝ።